ጥፋቱ የቀንድ አውጣ ነውን?

የግብረ ገብ ጸሐፊዎች እንስሳትን ለምሳሌ ማቅረብ ይወዳሉ። ጉንዳንን ለትጋት፥ ርግብን ለየዋህነት፥ ቀበሮን ለተንኰል፥ ጅብን ለሆዳምነት ያቀርባሉ። ልማዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ እንስሳውን ሳይመረምሩ ፍርዱን ስለሚያስቀድሙ ትምህርቱ ከእውነት ይርቃል። በዚህ አኳኋን ከተበደሉት ፍጥረታት መካከል ሁለቱን አንሥቼ ስለ እነርሱ ለመሟገት እወዳለሁ። አንደኛው በወንዝና በመስኖ ቦይ የሚኖረው ቀንድ አውጣ ነው፤ ሁለተኛው በደረቅ ቆላ ከመሬት በታች የሚኖረው ጠጉር የሌለው ፍልፈል ነው።

ቀንድ አውጣን ሰነፍ፥ ደካማ፥ ሲነኩት ቤቱ ገብቶ የሚሸሸግ ፈሪ እንለዋለን። ፍልፈልንም ዕውር፥ መልከ ጥፉ፥ መሬት እየቦረቦረ ሥር የሚያጠፋ ወንበዴ እንለዋለን። እኔ ግን ሁለቱን ከሰው ጋር በአንድ ሚዛን ባስቀምጣቸው፥ የሚያፍረው ሦስተኛው ይመስለኛል። ለምን እንዲህ እንዳልሁ አንባቢ በትዕግሥት ይከተለኝ።

ነገሩ የሚመለከተው አገር ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፥ የጣርማበርን ተራራ ተሻግሮ፥ ደብረ ሲናን ወደ ኋላ ትቶ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። የደጋው ብርድና ጉም በላይ ቀርቶ፥ ከባሕር ወለል 1,280 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለ የሞቀ ሜዳ ይዘረጋል። ይህ የኢፋት ቆላ ነው። ሮቢ፥ ጀውሃ፥ አታዬ የሚባሉት ወንዞች ከምዕራብ ካለው ደጋ እየወረዱ ይህን ሜዳ አጠጥተው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። አማራው፥ አርጎባው፥ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ ይገናኙበታል። ማሽላው፥ ጤፉ፥ ማሾው፥ ሽንኩርቱ ከዚህ ይወጣል። ገበሬው ወንዙን ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው ሲመራው ማየት ለዐይን ደስታ ነው። ውሃ በቆላ አገር ሕይወት ነውና፥ ያንን ውሃ የሚያበላሽ ሰው የጎረቤቱን ሕይወት የሚያበላሽ ነው። ሙግቴም በዚህ ላይ ነው።

በእንዲህ ያለ ሞቃት ቆላ፥ ቀስ ብሎ በሚሄድ ወንዝና በቦይ ውስጥ ከሚኖሩት ቀንድ አውጣዎች መካከል ሊቃውንት ባዮምፋላሪያ የሚሉት ትንሽ ዓይነት አለ። ቅርፊቱ እንደ ተጠቀለለ የበግ ቀንድ ሆኖ ዝርግ ነው፤ ስፋቱም የሰው ጣት ጥፍር ያህል ነው። በውሃ ውስጥ ቢኖርም ቅሉ እንደ ዓሣ ሳይሆን እንደ እኛ አየር ይተነፍሳል፤ ደሙም ቀይ ነው። ምግቡ በድንጋይና በቅጠል ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ነው። አይነክስም፥ አይናደፍም፥ የማንንም ጎተራ አይሰርቅም። ወንድነትና ሴትነት በአንድ አካል ስላለው፥ ብቻውን የቀረ አንድ ቀንድ አውጣ አንድ ቦይ ሙሉ ዘር ሊያፈራ ይችላል።

ታዲያ ይህ ምስኪን ፍጥረት የሚከሰሰው በምንድን ነው? ቢልሃርዝያ በሚባለው በሽታ ነው። ክሱም እንዲያው ከንቱ አይደለም፤ ያለ እርሱ በሽታው ከሰው ወደ ሰው ሊተላለፍ አይችልምና። ነገር ግን የክሱን ዝርዝር እንስማ።

ከቀንድ አውጣ እንቁላል የሚፈለፈለው ልጅ ንጹሕ ነው፤ በሽታውን ከእናቱ አይወርስም። በሽታው የሚመጣበት ከውጭ ነው፤ ከውጭም ስል ከሰው ማለቴ ነው። ትሉ በሆዱ ያለበት ሰው በወንዝ ወይም በቦይ ዳር ይጸዳዳል። ዝናብ ዐይነ ምድሩን አጥቦ ወደ ውሃው ያወርደዋል። በውስጡ የነበረው የትሉ እንቁላል ንጹሕ ውሃ ሲነካው ይፈለፈልና በዐይን የማይታይ እጭ ይወጣል። ይህ እጭ በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ የሚስማማውን ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል፤ ካገኘ ግን ሥጋውን በስቶ ይገባና አራትና አምስት ሳምንት ያህል ውስጥ ለውስጥ ይራባል። ከዚያ በኋላ ጭራቸው እንደ መንሽ የተሰነጠቀ ሌሎች እጮች በብዙ ሺህ ሆነው፥ ፀሐይ ሞቅ ስትል፥ ከቀንድ አውጣው እየወጡ ይዋኛሉ። በዚያ ሰዓት ልብስ ልታጥብ የገባች ሴት፥ ማሳ ሊያጠጣ የገባ ገበሬ፥ ሊዋኝ የገባ ሕፃን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቆዳውን በስተው ይገቡበታል።

ከገቡ በኋላ በደም ሥር ወደ ሳንባ፥ ከሳንባም ወደ ጉበት ደርሰው ያድጋሉ። አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ወንዱና ሴቷ ተጣምረው በአንጀት ዙሪያ ባለው ደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ። ሴቷ በቀን እስከ 300 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ ከፊሉ ከዐይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ የቀረው በአንጀት ግድግዳና በጉበት ውስጥ ይቀበራል። ገላም ያንን እንግዳ ነገር በጠባሳ እየከበበ ይኖራል። በመጀመሪያ የሆድ ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይሆናል፤ ልጁ ይከሳል፥ ትምህርት አይገባውም፥ ሰነፍ ይባላል። ዓመታት ሲያልፉ ጉበቱ ይደድራል፥ ጣፊያው ያብጣል፥ ሆዱ ውሃ ይቋጥራል። ደም እያስታወከ የሚሞትም አለ።

እንግዲህ አንባቢ ይህን ሰንሰለት አንድ ጊዜ ደግሞ ይመልከተው። መነሻው ሰው ነው፥ መድረሻውም ሰው ነው። አልፎ አልፎ ዝንጀሮም ትሉን ሊሸከም መቻሉ ታውቋል፤ ዋናው ምንጭ ግን ሰው ነው። ቀንድ አውጣው በመካከል የተገኘ መንገድ ብቻ ነው። ያም ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው ታማሚ እርሱ ነው። እጩ የገባበት ቀንድ አውጣ እንቁላል መጣሉን ያቆማል፥ ዕድሜውም ያጥራል። በድሮው ሙግት «በላ ልበልሃ» ተባብለው ሰውና ቀንድ አውጣ በዳኛ ፊት ቢቆሙ፥ ቀንድ አውጣው እንዲህ ብሎ የሚረታን ይመስለኛል፦ «እኔ በቤቴ ተቀምጬ ሳለሁ መርዙን ወደ ደጄ ያፈሰሰው ማን ነው? ዘሬን ያጠፋብኝ ማን ነው? ካሣ ከፋዩ እኔ ነኝ ወይስ እርሱ?» ሰው ለዚህ ጥያቄ ምን መልስ አለው?

«አላወቅሁም ነበር» የሚለው መልስ ዛሬ አይሠራም። ትሉን በካይሮ የነበረው ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው፤ የበሽታው ስም ከእርሱ ስም የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ማርክ አርማን ሩፈር የተባለው ሐኪም የትሉን እንቁላል በጥንታዊ ግብጻውያን ሬሳ ውስጥ ማግኘቱን ገለጠ። ሮበርት ሌይፐር የተባለው ሊቅም እ.ኤ.አ. በ1915 በግብጽ አገር ባደረገው ምርመራ ቀንድ አውጣው በነገሩ ውስጥ ያለውን ቦታ አስረዳ። በአገራችንም ቢሆን የአዋሽ ሸለቆ ታሪክ በቂ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ለሸንኮራው ውሃ የሚመራባቸውን ቦዮች ቀንድ አውጣው ሲወርሳቸው፥ ከሌላ ስፍራ ለሥራ በመጡ ሰዎች ሆድ ውስጥ የነበረው ትል በዚያ መራቢያ አገኘ። ቦይ ብልጽግናን ያመጣል፤ ሥርዐት የሌለው ሰው ግን በዚያው ቦይ በሽታን ያስከትልበታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፍጥረት እንሻገር። ጠጉር የሌለው ፍልፈል ደገኛው በእርሻው ውስጥ ከሚያውቀው ጠጉራም ፍልፈል የተለየ ነው። ስለ እርሱ መጀመሪያ የጻፈው የፍራንክፈርቱ ሰው ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1842 ነበር። ናሙናው የተገኘበት አገር ተብሎ የተመዘገበውም ሸዋ ነው። ስለዚህ ይህ እንስሳ በዓለም መጻሕፍት ውስጥ የገባው በእኛው አገር ስም ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው በምሥራቅ ኢትዮጵያ፥ በሶማሌና በኬንያ ደረቅ ቆላ ነው።

መልኩን ያየ ሰው ይስቃል። ርዝመቱ ከሰው ጣት እምብዛም አይበልጥም፤ ቆዳው የተጨማደደ ነው፤ ዐይኑ ለይስሙላ ያለ ነው፤ ጥርሱም ከከንፈሩ ውጭ ነው። ሆኖም በዚያ ጥርስ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ምድር ይቆፍራል፤ ከንፈሩም ከጥርሱ በስተ ኋላ ስለሚገጥም አፈር ወደ አፉ አይገባም። ውሃ አይጠጣም፤ የሚበቃውን ከሚበላው ሥር ያገኛል። ትልቅ ሥር ያገኘ እንደ ሆነ ከፊሉን ብቻ ቦርቡሮ ይተወዋልና ሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። እርሱን የምታህል አይጥ ሁለትና ሦስት ዓመት ስትኖር እርሱ ከ30 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። በአንድ ጉድጓድ ሰባና ሰማንያ፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ሦስት መቶ ድረስ ሆነው ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 ጄኒፈር ጃርቪስ የተባለችው ሊቅ ኑሯቸው እንደ ንብ መሆኑን አስረዳች፤ የምትወልደው አንዲት ንግሥት ብቻ ናት፥ የቀሩት ይቆፍራሉ፥ ይጠብቃሉ፥ ልጆችን ያሳድጋሉ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለነገራችን የሚጠቅመው ግን አንድ ልማዱ ነው። በዚያ ሁሉ መተላለፊያና ክፍል መካከል ለመጸዳጃ የተለየ ክፍል አለው። የሚተኛበት ክፍል ሌላ ነው፥ የሚጸዳዳበትም ሌላ ነው። ክፍሉም ሲሞላ በአፈር ይደፍነውና ሌላ ይቆፍራል። አካፋ የለውም፥ ዶማ የለውም፥ ማየት አይችልም፥ ትምህርት ቤትም አልገባም። ሁለት ዐይን፥ ሁለት እጅ፥ ዶማና ደብተር ያለው ሰው ግን ልጁ በሚዋኝበት ውሃ ዳር ቁጥቋጦ ተገን አድርጎ ይቀመጣል! ከሁለቱ ዕውሩ ማን ነው?

በዚህ ቦታ አንድ ብልህ አንባቢ ይነሣብኝ ይሆናል። «እንግዲያው እንደ ፍልፈል እንሁን ትለናለህን? የእነርሱ ንግሥት ሌሎቹን እየገፋችና እያስፈራራች ትገዛለች፤ ስትሞትም ሴቶቹ ለሥልጣን እርስ በርሳቸው እስከ ሞት ይናከሳሉ፤ እንግዳንም አይወዱም። ደግሞም የማኅበራቸውን ሽታ የሚቀቡት ከዚያው ከመጸዳጃው ክፍል ነው» ይለኝ ይሆናል። እውነቱን ነው። ፍልፈልን በሁሉ ምሰሉት አላልሁም። ፍልፈል የሚሠራውን የሚሠራው በተፈጥሮው ተገድዶ ነው፤ ስለዚህ ምስጋናም ወቀሳም የለበትም። ቀንድ አውጣም እንዲሁ። ሰው ግን የሚሠራውን በፈቃዱ ይሠራል። ክብሩ ከእንስሳት የበለጠው ስለዚህ ነው፤ ነውሩም የሚከፋው ስለዚሁ ነው። እንስሳ ሳይገባው የሚጠብቀውን ሥርዐት፥ ሰው ገብቶት ሲያፈርሰው ምን ስም ይሰጠዋል?

ለዚህ ጥፋት ብዙ ምክንያት ሲደረደር እንሰማለን። ምክንያቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንዳንዱ «ወራጅ ውሃ ሁሉን ያጥባል» ይላል። ወራጅ ውሃ ከዐይናችን ያርቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ከላይ ያለው ሰው ያራቀው፥ ከታች ያለው ሰው ደጃፍ ይደርሳል። ቀንድ አውጣውም የሚበዛው ውሃው ዝግ ብሎ በሚሄድበት ዳርና ቦይ ስለ ሆነ፥ ሰው ከብት የሚያጠጣበት፥ ልብስ የሚያጥብበት፥ ልጅ የሚዋኝበት ስፍራ ዋና ቤቱ ነው።

ሌላው «መድኃኒት አለው» ይላል። አዎን፥ አለው፤ ፕራዚኳንቴል የሚባለው ኪኒን ያደገውን ትል ይገድላል፤ ለተማሪዎችም በየትምህርት ቤቱ ሲታደል ቆይቷል። ይህ ትልቅ በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን ኪኒኑ ትላንት የገባውን ይገድላል እንጂ ነገ የሚገባውን አይከለክልም። ዛሬ ኪኒን ውጦ ነገ ወደዚያው ቦይ የሚገባ ልጅ፥ ቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደሚሞላ ሰው ነው።

ሦስተኛው «ቀንድ አውጣውን እንግደለው» ይላል። ይህም መልካም ነው፤ ለዚህ የሚሆነውን መሣሪያ ከእናቶቻችን ጓሮ ያገኘው የአገራችን ልጅ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር፥ ሴቶች ሸማቸውን በእንዶድ በሚያጥቡበት ስፍራ፥ ከማጠቢያው ግርጌ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። አንድ ሺህ ሰው አይቶ ያለፈውን እርሳቸው ቆመው ጠየቁ፥ መረመሩ፥ የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አስረዱ። በዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እኔም እንዶድ በየቦዩ ዳር ቢተከል እወዳለሁ። ነገር ግን አስቀድሜ እንደ ተናገርሁት፥ የተረፈ አንድ ቀንድ አውጣ ቦዩን መልሶ ይሞላዋል። እንዶዱም ሲበዛ ዓሣውን ይጎዳል። መርዙን ወደ ውሃው መጣል ሳናቆም ቀንድ አውጣውን ብቻ ብናሳድድ፥ ሌባውን በቤት አስቀምጦ የሸሸበትን መንገድ እንደ መግረፍ ነው።

አራተኛው «ድኻ ነኝ፥ ሽንት ቤት ለመሥራት አቅም የለኝም» ይላል። ለዚህ ሰው አዝናለሁ፤ ነገር ግን አላምነውም። ወንዝ ጠልፎ፥ ቦይ ቀድዶ፥ ሽንኩርት የሚተክል ክንድ፥ ከውሃው ርቆ አንድ ጉድጓድ መቆፈር አያቅተውም። ግድግዳው የማሽላ አገዳ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የምነቅፈው ግን ድኻውን አይደለም። በሽንኩርት ማሳው ላይ ብዙ የቀን ሠራተኞችን ከጧት እስከ ማታ አሰልፎ፥ ለፓምፕ፥ ለማዳበሪያና ለዘር ገንዘብ ሲያወጣ፥ ለእነዚያ ሰዎች አንዲት የመጸዳጃ ጉድጓድ ያላስቆፈረውን ባለማሳ ነው። ከሩቅ አገር እንጀራ ፍለጋ የመጣው ሠራተኛ ወዴት ይሂድ? በቀኙ ማሳ፥ በግራው ቦይ ነው። እርሱ በቦዩ ዳር ቢቀመጥ፥ በእኔ ፍርድ ነውሩ ከእርሱ ይልቅ በቀጣሪው ላይ ይወድቃል። ሽንኩርቱ ሲሸጥ ገንዘቡ ወደ ባለማሳው ኪስ ይገባል፤ ትሉ ግን በመንደሩ ልጆች ሆድ ውስጥ ይቀራል። ይህን ዓይነቱን ትርፍ ትርፍ ብሎ መጥራት አይገባም፤ ከሕፃናት ጉበት የተወሰደ ብድር ነው፥ የማይመለስም ብድር ነው።

በኢፋት ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ወንዝ ይጠቀማል። ክርስቲያኑ ለጥምቀት ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ እስላሙ ለሶላት ውዱእ ያደርጋል። በኦሪት ዘዳግም ሰው ከሰፈር ውጭ ወጥቶ እንዲቆፍርና ዐይነ ምድሩን እንዲሸፍን ታዟል። በእስልምናም በውሃ ዳር፥ በመንገድና ሰው በሚያርፍበት ጥላ መጸዳዳት የተከለከለ ነውር ነው። እንግዲህ በአንዱም ሃይማኖት የሚፈቅድለት ያላገኘ ሰው፥ በየትኛው ሕግ ነው በቦዩ ዳር የሚቀመጠው?

ወጣቶች ሆይ፥ ይህን ሁሉ የጻፍሁት ለእናንተ ነው። የትሉን ሰንሰለት በትምህርት ቤት ተምራችኋል፤ ለፈተናም ስላችሁ ነጥብ አግኝታችሁበታል። ነገር ግን ሥዕሉን በደብተር ላይ ስሎ፥ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በቦዩ ዳር ቁጥቋጦ የሚፈልግ ተማሪ፥ ምንም ካልተማረው የከፋ ነው፤ ያኛው አላወቀም፥ ይኼኛው ግን ዐውቆ አጠፋ። ትምህርት ማለት የቀለም ብዛት ሳይሆን፥ ያወቁትን ማንም በማያይበት ስፍራ መፈጸም ነው። ከቁጥቋጦ ኋላ ማንም አያያችሁም። የእናንተ ማንነት የሚታወቀው በዚያው ስፍራ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በአባታችሁ ግቢ ሽንት ቤት ከሌለ፥ በዚህ በጋ ጉድጓዱን እናንተ ራሳችሁ ቆፍሩ፤ አባባ እንዲያዝዙ አትጠብቁ። ታናናሾቻችሁን ከቦይ ዋና ከልክሏቸው፤ ስትከለክሏቸውም ምክንያቱን ንገሯቸው፥ ልጅ ምክንያት ከሰማ ይገባዋልና። ገላ የሚታጠቡበትን ውሃ ቀድታችሁ ሁለት ቀን ሸፍናችሁ አቆዩት፤ በውስጡ ቀንድ አውጣ ከሌለ እጮቹ በዚያ ጊዜ ይሞታሉ። ሆዱን የሚያመውን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ እንጂ «የቆላ አየር ነው» ብላችሁ አትለፉት። ባለማሳውንም በአክብሮት፥ ነገር ግን ሳትፈሩ ጠይቁት፦ «ጋሼ፥ ለሠራተኞችዎ ጉድጓድ የሚቆፈረው መቼ ነው?» በሉት። አንድ ልጅ ቢጠይቀው ይስቃል፤ ሃያ ቢጠይቁት ያፍራል፤ መንደሩ ሁሉ ቢጠይቀው ይቆፍራል።

በሮቢ ቦይ ዳር ቀንድ አውጣ ስታዩም፥ ከመርገጣችሁ በፊት ይህን ውሃ ያቆሸሸው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ። መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ዶማችሁን አንሡ።